የእህቴ ፊት

ታናሽ እህቴ የሻሽወርቅ ኩላሊቷ ሲደክም አንዱን ኩላሊቴን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ባሌ ጓንጉል «ልጆችሽስ?» እያለ ሲከራከረኝ አንዱ ይበቃኛል ብዬ ዘጋሁት። አዲስ አበባ ወስደው ከእኔ አውጥተው እሷ ውስጥ ከተቱት፤ ሠራም። ጣጣው የመጣው ከመድኃኒቱ ነው።

ሰውነቷ ኩላሊቱን ባዳ ነው ብሎ እንዳይጥለው ዕድሜ ልኳን ጠዋትና ማታ ኪኒን መዋጥ አለባት ተባለ። ኪኒኑ ፊቷን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። አንገቷ ጠፋ፤ ከንፈሯ ላይና አገጯ ላይ ጠጉር በቀለ። የሻሽወርቅ እኮ ሰቆጣ ገበያ ስትወጣ ነጋዴው ሚዛኑን የሚረሳላት ሴት ነበረች። አሁን በሯን ዘግታ በምላጭ ትላጫለች።

እኛ አገር ደግሞ የወፈረ ሰው ጤነኛ ነው። ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ «እሰይ፣ ተመቸሽ፣ አማረብሽ» ይላታል። ደግ የተናገረ መስሎት ነው። እሱ ሲወጣ እሷ ወደ ግድግዳ ዞራ ትተኛለች። ዶክተሩ በስልክ፣ መድኃኒቱ እየተቀነሰ ሲሄድ ፊትሽም ይመለሳል፣ ታገሺ ብሏት ነበር። እሷ ግን ከቤት መውጣት ተወች።

ስትታመም ለሚካኤል ጃንጥላ ተስዬ ነበር። ስለት ደግሞ የዳነው ሰው ራሱ ሕዝብ ፊት ቆሞ ነው የሚያገባው። አልሄድም አለች። ትሄጃለሽ አልኳት። ያልኩት ካልሆነ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ወሰድኳት።

ጃንጥላውን ይዘን ቆምን። ካህኑ እህት ለእህቷ ኩላሊት ሰጥታ ሚካኤል ማራት ብለው ተናገሩ፤ የቷ ለየቷ እንደሰጠች ግን አልለዩም። እልልታው ቀለጠ። የእናታችን ዘመድ እማሆይ ደጅይጥኑ ከደሃና በበቅሎ መጥተው ኖሯል፤ ካዩን ዓመታት አልፏል። ቀጥ ብለው መጥተው እኔን አቀፉኝ። እኔ ከድሮም ከሲታ ነኝ።

«አይ ልጄ፣ ያ ሁሉ ውበትሽ እንዲህ አለቀ? ይሁን፣ እንኳን ነፍስሽ ተረፈች» አሉኝ። ከዚያ ወደ የሻሽወርቅ ዞረው በእኔ ስም ጠሯት። «አንቺም ሠርካለም፣ የሰጠሽው አልጎዳሽም። ይኸው እንደ በሬ ፈርጥመሻል። ተባረኪ።»

ሴቶቹም እሳቸውን ተከትለው እኔን ይስሙ ጀመር። ኧረ እሷ ናት ልል አፌን ስከፍት የሻሽወርቅ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ።

«አሜን፣ እማሆይ» አለች።

ቤት ስንገባ የማታውን ኪኒን አልዋጠችም።

«እታለም፣ የዳነችው ማን ናት? እኔ አይደለሁም እኮ።»

«ዋጪ። ኩላሊቴን ታበላሺብኛለሽ።»

«ያንቺ ከሆነ መልሺው።»

ከዚያ በኋላ እንደ ጥጃ አፏን ፈልቅቄ ላስውጣት ሞከርኩ፤ ምላሷ ሥር ደብቃ ትተፋዋለች። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ የንስሐ አባቷን አመጣሁባት። እሳቸውን እሺ አባቴ ትላቸዋለች፣ አትውጥም። እየዋለ እያደረ የፊቷ እብጠት ጎደለ። የጉንጯ አጥንት ወጣ፣ አንገቷ ተመለሰ። ከጽጽቃ የመጣች ባልንጀራዋ ትግስት ደጃፉ ላይ አይታት፣ አንቺው ነሽ እኮ ስትላት የእህቴ እንባ ወረደ። በዚያው ሰሞን ሽንቷ ቀነሰ።

እየጎተትኩ አዲስ አበባ አደረስኳት። ዶክተሩ ኩላሊቱ ሞቷል አለ። የቀረው ደሟን በማሽን ማሳጠብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ እዚያው ከተማ መኖር አለባት። አገሬ መልሺኝ አለች። ተጣላኋት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ። በእልህ እኔን የምታሸንፍ እሷ ብቻ ናት።

አሁን እኔ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቀመጥና ሹሩባ ሥሪኝ ትለኛለች። እግሯ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ጎረቤት ሲያልፍ ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ ይላታል። ቀና ብላ ፈገግ ትልለታለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ጠጉሯን እጎነጉናለሁ።