የሸጊቱ ፀጉር

ፈሳሽ ናይትሮጅኑ እየተነነ ነበር። የራጅ መሣሪያው በእሱ ካልቀዘቀዘ አይሠራም፤ የሚቀጥለው ናይትሮጅን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሲገኝ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ደሞዝ ጠረጴዛውን በጣታቸው ይደበድባሉ።

«በቃ ላኪው። የፋብሪካው ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል።»

የሚላከው የሸጊቱ ውጤት ነው። ሸጊቱ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ትሠራለች። ከሠራተኞቹ የተቆረጠ ፀጉር ላይ ራጅ ስንለቅበት፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ሁሉ የየራሱን ጨረር መልሶ ይተፋል፤ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ሆኖ ይታያል። የሌሎቹ ዚንክና መዳብ ነው። የእሷ ላይ ግን የእርሳስ ብረት ጉብታ አለ፣ ትልቅ። ኮሚቴው ተመርዛለች ብሎ ያሰናብታታል። ባሏ ኤርትራ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ልጆች አሏት።

«አጠገቧ የሚሠሩት ለምን የላቸውም?» አልሁ።

«ጓዶቹ ውጤት እንጂ ጥያቄ አላዘዙንም።»

«ትንሽ ይጠብቁኝ» ብዬ መልሳቸውን ሳልሰማ ወጣሁ።

ሸጊቱን ሐይቁ ዳር ካለው ቤቷ አገኘኋት። ለፈረቃዋ እየተዘጋጀች ነበር። የመጣሁበትን ነገርኋት።

«እኔን? ከሥራ?» አለች። እጇ ግን አላቆመም። መኳያውን ቀኝ ዓይኗ ውስጥ አሳለፈች፣ በጣቶቿ ጠረገችው፣ ጣቶቿን ደግሞ ከጆሮዋ በላይ ባለው ፀጉሯ አበሰች።

«አሁን ምን አደረግሽ?»

«ተኳልሁ። ዩኒቨርሲቲ ኩል አያስተምሩም እንዴ?»

«ጣትሽን ነው የምልሽ!»

«ታዲያ ነጠላዬን ላጥቁረው?»

ናሙናው የተቆረጠው ከዚያው ከጆሮዋ በላይ ነበር። የኩሉን ብልቃጥ ነጠቅኋት። መቀስ አንስቼ ሻሿ ከሚሸፍነው ማጅራቷ ፀጉር ቆረጥሁ።

«ኧረ ቀስ! መላጣ ልታደርጊኝ ነው?»

ሮጥሁ። ስደርስ ናይትሮጅኑ ወደ ማለቁ ነበር። መጀመሪያ ኩሉን አስገባሁ፤ የእርሳሱ ጉብታ ስክሪኑን ጥሶ ወጣ። ቀጥሎ የማጅራቷን ፀጉር። ዚንክ፣ መዳብ፤ እርሳሱ እንደማንኛችንም፣ እዚህ ግባ የማይባል።

«ለኮሚቴው ኩል ነው ብለን ልንጽፍ?» አሉ አቶ ደሞዝ።

«ኩል ነው ብለን።»

እያጉረመረሙ ፈረሙ።

ሸጊቱ ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ ዓይኗ ጥቁር፣ አንዱ ባዶ።

«ከሥራ ወጣሁ?»

«አልወጣሽም።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው ኩሌን አምጪ።»

«መርዝ ነው፣ ሸጊቱ። እርሳስ ነው።»

«እና እንዲህ ግማሽ ሆኜ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

አልሰጠኋትም። እየሰደበችኝ ጣቷን በምራቋ አርሳ የተኳለውን ዓይኗን አሸችና፣ ያንኑ ጣት ፀጉሯ ላይ ጠርጋ ወደ ፈረቃዋ ሮጠች።