የተመስገን ስታቲስቲክስ

መምህሬ ናሁሰናይ ከአዲስ አበባ የላከልኝን የድምፅ መልእክት የሰማሁት ሳዑዲ፣ ኮበር ከተማ፣ አል ዑለያ ሰፈር፣ ማዳም ቤት፣ የካብሳ ሩዝ የተሠራበትን ድስት እየፈተግኩ ነው። አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ድስቱን አናቱ ላይ ነበር የማሳርፈው።

«መታሰቢያ፣ ይሄ መረጃ ፈጠራ ነው። ሃያ ሰው ጠይቀሽ ሃያውም አምስት? ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ እኮ ዜሮ ነው! እስከ ቅዳሜ እውነተኛውን ካላመጣሽ ኤፍ ትወስጃለሽ።»

ፈጠራ! እኔ መታሰቢያ! አምስት ዓመት ሙሉ ማዳም የቀን እንቅልፏን ስትተኛ በስልክ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ የቀረው ይቺ አንዲት የስታቲስቲክስ ኮርስ ናት። እሷን ካለፍኩ ዲግሪዬን ይዤ፣ ኹሩጄን፣ የመውጫ ቪዛዬን፣ አስወጥቼ አገሬ እገባለሁ። ከወደቅኩ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደስና ሌላ ሁለት ዓመት ድስት ስፈትግ እኖራለሁ።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት መልሶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚናገር ቁጥር ነው። የኔዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ «በኑሮሽ ምን ያህል ደስተኛ ነሽ? ከአንድ እስከ አምስት።» ባለፈው አርብ ነው፣ ዐቅረቢያ ሰፈር፣ እትዬ ፈለቀች በተከራዩት ክፍል የምንሰበሰበውን ሴቶች የጠየቅኳቸው። እትዬ ፈለቀች ወገባቸው አልታጠፍ ብሏቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። «አምስት በይኝ ልጄ፣ ተመስገን» አሉ። ለሊሴ ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ዓይኗን ሳትገልጥ «አምስት» ብላ ማንኮራፋቷን ቀጠለች። «ኧረ እባካችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ ሦስት በሉኝ!» ብል በአንድ አፍ ጮኹብኝ።

«ፈጣሪን እናማርር?»

መልእክቱ በደረሰኝ ማግስት አርብ ነበር። እንደተናደድኩ ገብቼ አዲስ ወረቀት በተንኩላቸው።

«ስለራሳችሁ ማንም አልጠየቃችሁም! የአንዲት ጓደኛችሁን ኑሮ ጻፉልኝ። ስሟ ይቅር። ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንደሆነችና ለምን እንደሆነ ብቻ።»

ወይ ጉድ! ክፍሉ ወዲያው ሞቀ። ተመስገን የለ፣ ምን የለ። «እሷማ ኧረ ምኑን ትኖረዋለች!» «የማዳሟ እናት ደግሞ መጡባት አሉ!» ለሊሴ እንኳ ነቅታ የወረቀቷን ጀርባ ጭምር ሞላች። የሰው ችግር ሲሆን እስክሪብቶ አይከብድም። ሁለት፣ አራት፣ አንድ፣ ሦስት፣ አምስትም አልጠፋም። መልሶቹ ተራራቁልኝ፣ ዲግሪዬ መጣልኝ ብዬ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ስለቅማቸው ግን ሙሽኪላ ገጠመኝ። አራት ወረቀቶች ስለ አንዲት ሴት የተጻፉ ይመስላሉ፤ አራቱም «አንድ» ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ አራት ጊዜ አይቆጠርም፣ ሦስቱ መውጣት አለባቸው። ለማጣራት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«‹ነጋ ጠባ ትቆጣለች፤ ድካም ነው እንጂ ክፉ አይደለችም።› ‹ምሳዋን ቁጭ ብላ በልታ አታውቅም።› ‹እንዴት ነሽ ሲሏት ወሬ ትቀይራለች።›» «ምስኪን! ማናት? ንገሩኝ እንጂ፣ ሄጄ እንኳ ልጠይቃት!»

ለሊሴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ማናት እኮ? ሥራዬን ልሥራበት!»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አሉ እትዬ ፈለቀች። «አንቺ ነሻ፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ? ኸላስ፣ ተዉኝ! እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን!»

ክፍሉ ሙሉ አውካካ። ሳላስበው እኔም ሳቅኩ። ሳቁ በረድ ሲል እትዬ ፈለቀች ወደ እጄ አመለከቱ።

«አራተኛውን አላነበብሽውም።»

አነበብኩት። «‹የእናቷን መርዶ ከሰማች ዓመት ሆናት። ልቅሶ ልንደርሳት ብንሄድ ሥራ አለብኝ ብላ ከበር መለሰችን። እስካሁን አላለቀሰችም።›»

መጨረሻዋን ቃል አልጨረስኳትም። እዬዬ ብዬ ተነፋረቅኩ፤ ሃያዎቹም ከበቡኝና አብረውኝ አለቀሱ። ለሊሴ ወረቀቶቼ እንዳይረጥቡ ከጭኔ ላይ ለቅማ ያዘችልኝ።

ቅዳሜ ላክሁት። ሰኞ ናሁሰናይ መለሰልኝ።

«አልፈሻል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አንድ ነጥብ ሁለት፤ ይሄ የሰው መረጃ ነው። ግን ሃያ ጠይቀሽ አሥራ ሰባት ብቻ የላክሽው ለምንድን ነው?»

«አንዲት ሴት አራት ጊዜ ተደግማ ነው መምህር» አልኩት። «ሦስቱን አውጥቻለሁ። አንዷን ግን አልነካኋትም፤ እሷ እውነት ናት።»