የእሑድ ከሰዓት ሸንጎ

ወልደ ማርያም በድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በብረት መቅረጫው ቶርኖ ማሽን ፊት የቆመ፣ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ የማያውቅ ሰው ነው። ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ስሙ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ክፍሉን በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሲያየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ክፍሉ የቀበሌውን ኅብረት ሱቅ ጣሪያ ቆርቆሮ ገንጥሎ ገብቶ ስኳር ሲያወጣ ነው የተያዘው። ከውጭ ሆነው ይቀበሉት የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ እሱን ጣሪያ ላይ ጥለውት ሮጠዋል።

«ጓድ ወልደ ማርያም፣ አባት ነዎት። የሚሉት ካለ?» አለ ሰብሳቢው አብዱሰመድ።

«ያጠፋ ይታሰር! እኔ ሌባ አላሳደግኩም።»

እንዲህ በማለቱ ክብሩን ያዳነ መሰለው። ሚስቱ ጥሩወርቅ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ከዳኞቹ አንዷ ቱሪያ ነበረች፤ በጤና ጣቢያው ድሬሰር ናት፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መርፌ ወግታ አሳድጋለች። «ወህኒ ብንልከው የሚያድረው ከጎልማሶች ጋር ነው» አለች። «የሚፈረድበት ስድስት ወር ሲያልቅም የሚመለሰው እዚያው ቤት ነው። እስቲ ቤቱን እንይ። ሦስት ወር፣ በየእሑዱ ከሰዓት እኔ እሄዳለሁ፤ አባት፣ እናትና ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። በሥራ ቀን ደግሞ ልጁ ከትምህርት መልስ ለሱቁ ጆንያ ይሸከማል።»

«መልሶ ቢሰርቅስ?» አለ አብዱሰመድ።

«ያኔ እኔንም ከዚህ ወንበር አንሡኝ።»

ተፈቀደላት። ወልደ ማርያም ግን ቤቱ እስኪደርስ ሲናደድ ሄደ። የሰረቀው ልጁ፤ የተፈረደበት እሱ!

በመጀመሪያው እሑድ ቱሪያ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ገና ሳትደላደል ጠየቀችው። «ጋሽ ወልዴ፣ ክፍሉ ምን ይወዳል?»

ወልደ ማርያም የወርክሾፑን ማሽን ሁሉ ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ልጁን ግን በግምት ነበር የሚያውቀው። «ኳስ» አለ።

«እግሬ ከተሰበረ ወዲህ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም» አለ ክፍሉ መሬት መሬት እያየ። እግሩ የተሰበረው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ጥሩወርቅ ራሷ ፈነዳች። «ልጁ ሰባተኛ ክፍል ከወደቀ ወዲህ አነጋግረኸው ታውቃለህ? ‹ንገሪው› ትለኛለህ፤ ‹ንገሪው› ይለኛል። በመካከላችሁ እኔ አለቅሁ!»

ክፍሉም ቀና አለ። «አንተ ስሜን አትጠራም። እነዚያ ልጆች ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ‹ክፍሉ መጣ!› ይላሉ።»

ወልደ ማርያም ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቱሪያ እጇን አነሣችና «ይጨርስ» አለችው። ልጁን ሳያቋርጥ ሲያዳምጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ እራት ሦስቱ በአንድ ገበታ መብላት ጀመሩ። እየቆየም ክፍሉ የሱቁን ወሬ ያወራ፣ አባቱም ይስቅ ጀመር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ክፍሉ ከሱቁ ቀረ። ከሸሹት ጓደኞቹ አንዱ ተመልሶ መጋላ ታይቷል አሉ። ወልደ ማርያም ከሥራ ወጥቶ፣ ቱታውን እንደለበሰ፣ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ወደ መጋላ ገሰገሰ። ቀበቶውን ፈትቶ በእጁ ይዟል። አንድ ጎሚስታ ቤት ጀርባ ልጁን ከጓደኛው ጋር አገኘው። ክፍሉ አባቱን ሲያይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ወልደ ማርያም ቀበቶውን አየው። ቀስ ብሎ መልሶ ወገቡ ላይ ታጠቀው።

«ክፍሉ» አለ። «እናትህ እራት አቅርባለች። ያላንተ አንበላም።»

ጓደኛው እጁን ሲይዘው ክፍሉ ቀስ ብሎ አስለቀቀውና ወደ አባቱ ሄደ። ወንዙን ሲሻገሩ ክፍሉ ሳይጠየቅ፣ «ሌላ ሱቅ እንግባ ብሎኝ ነበር። እንቢ እያልኩት ሳለ ነው የመጣኸው» አለ። ወልደ ማርያም አመነው። ማመኑ ራሱን አስገረመው።

ጥር ላይ ሦስት ወሩ አለቀ። የሱቁ ኃላፊ፣ ልጁ ከዚያች አንድ ቀን በቀር እንዳልቀረ መሰከረ፤ ሸንጎውም ፋይሉን ዘጋ። አብዱሰመድ ከወንበሩ ተነሥቶ የክፍሉን እጅ ጨበጠ። አዳራሹ አጨበጨበ።

በሳምንቱ ቱሪያ ወርክሾፑ በር ድረስ መጣች። «መጋላ ውስጥ ፋራህ የሚባል ጋሪ ነጂ አለ። ሴት ልጁ በሸንጎ ተከስሳለች። እኔን አይሰማኝም፤ አባት የሆነ ሰው ቢያነጋግረው ይሻላል። ችግሩ አማርኛው እምብዛም ነው።»

«እኔም ሶማልኛ አልችልም» አለ ወልደ ማርያም።

«ክፍሉ ይችላል እኮ!» አለች ቱሪያ እየሳቀች።

አባቱ ይህንንም አያውቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት አባትና ልጅ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ሄዱ። ፋራህ ፊቱን አጥቁሮ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ ሴት ልጁ ከጥግ ሆና አቀርቅራለች። ወልደ ማርያም ምንም ሳይደብቅ ተናገረ፦ ልጁን ለስንት ወር እንዳኮረፈ፣ ‹ይታሰር› ብሎ በሰው ፊት እንደጮኸ፣ ቀበቶ ይዞ እንደወጣ። ክፍሉ ቃል በቃል ይተረጉማል። ቀበቶው ጋ ሲደርስም አንዲት ቃል አልዘለለም። ፋራህ ቀስ በቀስ እጁን ፈታ። «ሃዬ» ብሎ በሶማልኛ እሺ አለ፤ ወደ ሴት ልጁም ዞሮ በስሟ ጠራትና አጠገቡ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀላት።

ፋራህ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወልደ ማርያም አልሰማም። የሚያየው ክፍሉን ነበር፤ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከወዲያ የሰማውን ወዲህ፣ ከወዲህ የሰማውን ወዲያ እያደረሰ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ስንት ጊዜ ተመስግኗል፤ ደረቱ እንዲህ ሞልቶ ግን አያውቅም።

«አባዬ» አለ ክፍሉ እጁን ነካ አድርጎ፤ «ጋሽ ፋራህ በሚቀጥለውም እሑድ ትመጣላችሁ ወይ ይላል።»

«እንመጣለን በለው» አለ ወልደ ማርያም።