የበቀለ እንቅልፍ

ገና ሁለተኛዋን የፉል ጉርሻ ሲውጥ በቀለን ትን አለው። ፊቱ ደም መስሎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳለ። ሚስቱ የኔነሽ ዘላ ተነስታ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

“ውሃ…” አለ፣ ድምፁ ሲመለስ።

“ውሃውም እኮ ትን እያለህ ነው። ተነስ፣ ዛሬስ ሐኪም ሳያይህ አትውልም!”

በቀለ አገር ቤት መምህር ነበር። ካርቱም በስደት ከገባ ወዲህ ግን እዚያ ሃፍላ የሚሉትን የሰው ሚኒባስ እየነዳ ከዴም ሰፈር ሳሃፋ ሰፈር ተሳፋሪ ያመላልሳል። ሌሊት ሲያንኮራፋ ለጎረቤት ይሰማል። የኔነሽን የሚያስፈራት ግን ጸጥ ሲል ነው። ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ እሷ ትከሻውን ይዛ ስትነቀንቀው ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። እንዲህ ስትጠብቀው እያደረች እሷም እንቅልፍ ካየች ቆይታለች። ቀን ሽንኩርት እየከተፈች እንኳ ዓይኗ ይከደናል።

የዚያኑ ቀን ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሟ ዶክተር ፋሪሃ ጉሮሮውን በመብራት አየችና ስለ እንቅልፉ ትጠይቀው ጀመር።

“እኔ የመጣሁት አልዋጥ ብሎኝ ነው” አለ በቀለ ተሰላችቶ።

“የሚገናኝ ይመስለኛል፣ ዓም በቀለ” አለች፣ በአገሯ ወግ “አጎቴ” ማለቷ ነው። “ የብዙ ዓመት ማንኮራፋት ጉሮሮን እያንቀጠቀጠ ሊያደነዝዘው ይችላል። የደነዘዘ ጉሮሮ ደግሞ ምግቡን በወጉ አይቀበልም። ሁለቱንም እንመረምራለን። እስከዚያው በጎንዎ ይተኙ፤ ሲበሉም ቀና ብለው፣ በትንሽ በትንሹ። ቀን እንቅልፍ ያዳፋዎታል?”

“አልፎ አልፎ።”

“ሥራዎ ምንድን ነው?”

“ትንሽ ሱቅ አለችኝ።”

የኔነሽ ቀና ብላ አየችው። በሰው ፊት ልታዋርደው ግን አልፈለገችም።

ወደ ቤት የሚመልሳቸው ባለሦስት እግር ረክሻ ላይ ሲወጡ ግን አልቻለችም። “የምን ሱቅ ነው?”

“ሃፍላ እነዳለሁ ብላት ምን ትለኝ ነበር?”

“አትንዳ።”

“እኮ! በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ሥራ አገኛለሁ?”

“ባለፈው ሳጃና ሰፈር መሪው ላይ ተኝተህ ተሳፋሪ አይደል የቀሰቀሰህ?”

“ማን ነገረሽ?”

“አንተው ነህ። እየሳቅህ።”

የኔነሽ ስልኳን አወጣች።

“ማን ጋ ልትደውዪ ነው?”

“የሃፍላው ባለቤት ሂሻም ጋ። ደክሞኛል፣ በቀለ። ሌሊት ስጠብቅህ አድራለሁ፤ ቀን መንገድ ላይ የሚጠብቅህ ማን ነው?”

ሊነጥቃት እጁን ሰደደ። ስልኩ ግን መጥራት ጀምሮ ነበር። የሰደደው እጅ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ መዳፉን ዘረጋላት።

“አምጪ” አለ ቀስ ብሎ። “እኔው ልንገረው።”

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። “ሂሻም… በቀለ ነኝ። ለሃፍላው ሌላ ሹፌር ፈልግ። አይ፣ ለዛሬ ብቻ አይደለም።”