የአስር ከአስራ ሁለቱ ባቡር

ባቡሩ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንደማይቆም ለአባቴ ምን ብዬ ልንገረው? ትምህርቴን ጨርሼ ከባሕር ማዶ ከተመለስኩ አንድ ወር ሆነኝ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም።

አባባ የዚህች ጣቢያ አለቃ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። አሁን ጡረተኛ ነው፤ ጣቢያዋም ሠራተኛ የላትም። ወንድሜ ሾጎ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአባባ ጋር ተጣልቶ ሲሄድ «አንድ ቀን በአስር ሰዓት ከአስራ ሁለቱ ባቡር እመጣለሁ» ስላለው፣ አባባ በየቀኑ የአለቃነት ኮፍያውን አድርጎ ባቡሩን ሊቀበል ይወጣል።

ዛሬ ጠዋት ለሾጎ «የመጨረሻው ቀን ነው፤ ድረስ» ብዬ በስልኬ ጻፍኩለት። «እሞክራለሁ» አለኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ ከአባባ ጋር ወጣሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ቶሚዬ የጣቢያውን በረዶ እየጠረጉ ነበር።

«አለቃ፣ ይሄ ባቡር በሰዓቱ የሚደርሰው እርስዎን ፈርቶ ነው?»

«መጥረጊያሽን ፈርቶ ነው!» አለ አባባ።

እትዬ ቶሚዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ቺሆ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ተምረሽ አንዲት ቃል መንገር አቃተሽ?»

«እርስዎ ይንገሩት።»

«እኔማ መች ተማርኩ!»

ባቡሩ መጣ፤ አንድ ፉርጎ ብቻ ነው። አባባ ጓንት ባጠለቀው እጁ እየጠቆመ ጮኸ። «ሐዲድ፣ ልክ! መብራት፣ ልክ!» በባቡር ሠራተኞች ደንብ ጠቁመው ስሙን ያልጠሩት ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል።

በሩ ተከፈተ። ማንም አልወረደም። በጭጋጋማው መስኮት በኩል ሾጎን አየሁት። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀርቅሮ ተቀምጧል። በእጄ ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

የአባባ ዓይን ያን ያህል አያይም። የሾጎን ስም ጮክ ብዬ ብጠራ፣ አባባ ልጁ እዚህ ድረስ መጥቶ አልወርድም ማለቱን ይሰማል። እጄን አወረድኩ።

ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። «አለቃ፣ የመጨረሻ ቀን አይደል? ትንሽ ልቆይ?»

«ሃያ ሰከንድ አሳልፈሃል! ምን ትጠብቃለህ?» አባባ ወደ በሩ ጠቆመ። «ወራጅ የለም፣ ልክ!»

እጁን አነሳ። ባቡሩ ሄደ።

«ዛሬም አልተመቸውም» አለ ኮፍያውን እያራገፈ። «ነገ ነው የሚመጣው።» ሹፌሩ «የመጨረሻ ቀን» ስላለው ነገር አልጠየቀም።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ለሾጎ ጻፍኩ፦ «አይቼሃለሁ። ነገም ይወጣል። ምን ልበለው?»

መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ታየ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ አባባን ተከትዬ ወደ ቤት ሄድኩ።