ከአፍ የተነጠቀው አንድምታ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ኃጢአት ሁሉ ለጊዜውም ቢሆን ጣዕም አለው፤ ሆዳም ሲበላ፣ ትዕቢተኛ ሲሰገድለት፣ በቀለኛም ጠላቱ ሲወድቅ ይደሰታል፤ ቀናተኛ ግን፣ ያ ምስኪን፣ ሲያጣም ሲያገኝም እሬት እንደ ዋጠ ይኖራል። ማኅደረ ጥበብና ነቅዐ ትርጓሜ ይባል የነበረውን መምህር ክንፈ ሩፋኤልን ያገኘው መቅሠፍት ይኸው ነው።

ይህ ሰው በደብረ ጸዳል ጉባኤ ቤት ብሉያትን ሲተረጕም የሸበተ፣ የቤቱ የበላይ አለቃ መዝገበ ሥላሴ ዕድሜ ተጭኗቸው የመምህርነት ወንበራቸውን ለማን እንደሚያወርሱ በሚያስቡበት ዘመን «ከእኔ በቀር ማን አለ» ብሎ የተቀመጠ ሊቅ ነበር። በዚያው ወራት ዶክተር ኤዝራ ፔንፎልድ የሚባል፣ ቅድመ አያቶቹ በባርነት ባሕር ተሻግረው በካሪቢያን ደሴት ሸንኮራ ሲቆርጡ ያለቁ፣ ስለ ዘርና ስለ ሃይማኖት፣ በዓለም ስለ ተበተኑት አፍሪካውያንም ሐሳብ ዐቢይ መጽሐፍ የሚጽፍ ጥቁር ሊቅ መጣ። ግእዙን አጣፍጦ፣ አማርኛውን አሳምሮ፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መሬት ተቀምጦ ቢማር ጉባኤው ወደደው፤ አለቃም «ይህስ የጠፋው ወንድማችን ነው» አሉ። ክንፈ ሩፋኤል ይህን ሲሰማ ቅናት አንገበገበው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያገለግል እንዲህ ያለ ቃል ከአለቃ አፍ ወጥቶለት አያውቅማ!

አንድ ቀን ከወይራው ጥላ ሥር እንግዳው ምስጢሩን ለክንፈ ሩፋኤል አዋየው። ነገሩ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ ፈጣሪ ስለ መዘርጋቷ የተነገረው የመዝሙር ቃል ነበር።

«የኔታ፣ አባቶቼ ማንበብ የተከለከሉ ነበሩ። ይህን ቃል በጆሯቸው ብቻ ሰምተው እንዲህ ፈቱት፦ እጅ መዘርጋት ልመና አይደለም፤ የሰንሰለቱን ጠባሳ ለፈራጁ ማሳየት ነው። ከእነርሱ የወረስሁት ይህን ብቻ ነው፤ መጽሐፌም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ነገ በጉባኤ ብናገረው ድፍረት ይሆንብኛልን?»

«እስቲ ላስብበት» አለው መምህሩ።

የዚያ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፤ «አንድም» ብሎ አዲስ ፍቺ የሚጨምር ሰው ከየትኛው መምህር እንደ ተቀበለው ይጠየቃል፣ አባት የሌለው ትርጓሜም አይጸናም። በማግሥቱ ጉባኤው ገና ሲከፈት ክንፈ ሩፋኤል ቀደመና «አንድም» ብሎ ያንን ፍቺ ቃል በቃል ዘረገፈው። ጉባኤው ተደመመ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አለቃ ቀና ብለው «ድንቅ ነው፤ ከማን ሰማኸው?» አሉት። ከእንግዳው ቢል ወንበሩ ሊቀርበት፣ ከራሴ ቢል ፍቺው ሊወድቅበት ሆነና «ከሟቹ መምህሬ፣ ከየኔታ ወልደ ትንሣኤ» አለ።

እንግዳው ተነሣ። ክንፈ ሩፋኤል አሁን ሊያዋርደኝ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ሰውየው ዕንባው እየወረደ ጕልበቱን ሳመው።

«የኔታ፣ ትናንት ይህን እያወቁ «ላስብበት» ያሉኝ ለካ እንዳላፍር ብለው ነው። እኔ ይህን ፍቺ አባቶቼ በመከራቸው ወለዱት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፣ ለካ እዚህ የኖረ የአባት ቃል ነው። ምዕራፉን ሰርዤ የዚህ ቤት መሆኑን እጽፋለሁ።»

አለቃም ልባቸው ተነክቶ እዚያው ወንበራቸውን ለክንፈ ሩፋኤል አወረሱት። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሁሉ ይቃና ነበር፤ ነገር ግን ያለውን አንድ ሀብት በደስታ አሳልፎ የሰጠውን የዚያን ሰው ብሩህ ፊት አየና፣ ወይ ጉድ፣ በዚያም ቀና፤ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። መጽሐፉ ታትሞ በመጣ ጊዜ የየኔታ ወልደ ትንሣኤ ስም ከብሮ ተጽፎበት ነበር፤ እነዚያ ሸንኮራ ቆራጮች ግን አንድም ቦታ አልተነሡም። ከሕያዋን የሰረቀ ሰው ይመልስ ዘንድ የሚያንኳኳው ደጅ ያገኛል፤ የሙታንን ድምፅ የሰረቀ ግን ምሕረት የሚለምንበት ደጅ የለውም።