ስልሳ ሦስት ቀይ ስቲከር

ሐኪሙ ከቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራውን ከገፈፈልኝ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ ደግሞ ፈተና አለብኝ። ፉሪ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የሸሚዝ ፋብሪካ አሥራ ስምንት ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እንከን ያለባቸው ሸሚዞች በእጄ ማለፍ ጀመሩ። አለቃዬ ዳኜ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ሃያ ሸሚዝ ይሰጠኛል፣ አንድ እንከን ካመለጠኝ ወንበሬን ለቅቄ ካርቶን አሻጊ እሆናለሁ።

መፍራት ነበረብኝ። ከሀይሌ ጋርመንት የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ግን ፍርሃት ከየት ይምጣ! በመስኮቱ በገባው ፀሐይ አቧራው ይንሳፈፋል። ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ጆሮ ላይ ሰባት ሽበት በቅሏል፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። የረዳቱ ጃኬት ዚፕ ዳር ያለው ስፌት ደግሞ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«ማዘር፣ ምነው አፈጠጥሽብኝ?» አለ ረዳቱ።

«ጃኬትህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«በአንድ ሴንቲ ሜትር አራት ስፌት! እኩል፣ እኩል፣ እኩል!»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ፋብሪካ ስደርስ ዳኜ ሸሚዞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ቆልሎ «አንድ ሰዓት አለሽ» ብሎኝ ሄደ። አሠራራችን ቀላል ነው። ከኮሌታ ይጀመራል፤ ከዚያ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ የታችኛው ጠርዝ። እንከን የተገኘበት ቦታ ላይ ቀይ ስቲከር ይለጠፋል። ላማረ ነገር የሚለጠፍ ስቲከር የለንም።

የመጀመሪያውን ኮሌታ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ክር ከሁለት ቀጫጭን ክሮች እንደሚገመድ አውቃለሁ፤ ግምዱን በዓይኔ ካየሁት ግን ዘመን አልፏል። ስፌቱ ጫፉ ላይ ሲዞር እንኳ አልተዛነፈም። እሰይ! እጄ ስቲከር ላጥ አድርጎ ለጠፈ።

ዳኜ ሲመለስ ሸሚዞቹ ኩፍኝ የወጣባቸው መስለዋል።

«ሙፊዳ! ይሄ ሁሉ እንከን ነው?»

ሸሚዞቹን የሰፋችው ፌኔት ከማሽኗ ተነስታ እየሮጠች መጣች። «ወይኔ ጉዴ! አንዱ ላይ ብቻ አሥራ አራት? እትዬ ሙፊዳ፣ ምን በደልኩሽ?»

ያደረግሁት ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ቀዩን የለጠፍኩት ያማረው ላይ ነው። ስልሳ ሦስት ቦታ።

«ጥፋትሽ አይደለም ልጄ፣ ጉብዝናሽ ነው» አልኳት። ሳቄ አልቆም አለኝ።

ዳኜ ግን አልሳቀም። «ጉብዝናው ይቆየን። እንከኑስ የታለ?»

«አራተኛው ሸሚዝ፣ ግራ እጅጌው ላይ አንድ ስፌት ዘሏል። አሥራ አንደኛው፣ ኪሱ በሁለት ሚሊ ሜትር ዘሟል። አሥራ ሰባተኛው፣ የቀኝ እጅጌው ክር ነጭ አይደለም፣ ክሬም ነው።»

«እኔ የደበቅሁልሽ ሁለት ነው።»

«ሦስት ነው።»

ዳኜ አሥራ ሰባተኛውን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደ። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ነጭ ነው!» አለ። ፌኔት ጥፍሯን እየነከሰች «ጋሽ ዳኜ… ክር አልቆብኝ ከሌላ ማሽን ወስጄ ነበር» አለች። እንደገና አየ፣ ሸሚዙን ከሌላ ሸሚዝ ጋር አስጠግቶ አየ።

«በስመ አብ! ይሄማ እኔንም አምልጦኛል።» ወደ እኔ ዞረ። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበርሽ ላይ ልይሽ። አሁን ግን ይሄን ጉድ ላጡልኝ፤ ጭነት መኪናው ሊመጣ ነው።»

ከፌኔት ጋር መላጥ ጀመርን። እሷ ግን ሳትጠይቅ አንዱንም አትነካም።

«ይቺ ለምንድን ናት?»

«ጠርዙ ሲታጠፍ አልተጨማደደም።»

«ይቺስ?»

«ኪሱ ጥግ ላይ ክሩን የመለስሽበት። በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዚያው ወጥቷል።»

«እኔ ነኝ ይህን የሠራሁት?» ስፌቱን ለማየት ፊቷን ጨርቁ ውስጥ ልትቀብረው ምንም አልቀራት።

«ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ ዳኜ ከኋላችን። ደግሞ ጠጋ አለ፤ በመሃላችን አንገቱን አሰገገ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አትላጪያት። ይቺኛዋስ?»